የሐረር ኮረብታ እሬት በግቢያችን



የመጣሁበትን ጉዳይ ከመነሻው ልናገር። ከሐረር የግንብ ከተማ ከጁገል በሮች ወጥታችሁ ወደ ዙሪያው ኮረብታ ስታቀኑ በድንጋይና በድንጋይ መካከል፣ አፈር አለ በማይባልበት ቦታ፣ እሬት በቅሎ ታያላችሁ። ያንን እሬት በየግቢያችን እናብቅለው ልላችሁ ነው። ስናበቅለው ግን ከኮረብታው ነቅለን አምጥተን አይሁን፤ ከዘሩ፣ ወይም ቀድሞ ሰው ግቢ ውስጥ ካለው ተክል ልጅ ወስደን እናባዛው። ደግሞም የቱ ክፍሉ መድኃኒት፣ የቱ ክፍሉ ጉዳት እንደሆነ ለይተን እንወቅ። ይህ እውቀት አብሮ ካልገባ እሬቱ ብቻውን ግቢያችን ቢገባ ብዙ አይጠቅመንም።

እሬት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ልጅ ጡት ለማስጣል ጡቷ ላይ የቀባች እናት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አትጠፋም። እሳት ሲፈጃችሁ ቅጠሉን ሰንጥቃችሁ የለጠፋችሁ፣ ለፀጉራችሁ የተቀባችሁ፣ ሆዳችሁ ሲደርቅ ጠብታ የቀመሳችሁ ብዙ ናችሁ። በአገራችን በብዙ ቦታ መቃብር ላይ ይተከላል፤ ሰው ውኃ ሳያጠጣው ዓመት ከዓመት አረንጓዴ ሆኖ ይኖራልና። ምሬቱ ከንግግራችን ገብቶ የመረረንን ነገር ሁሉ «እሬት ነው» እንላለን። ይህን ያህል የምናውቀው ተክል ነው። ነገር ግን እሬት ስንል አንድ ተክል ብቻ ይመስለናል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዓለም ላይ ከ500 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከ40 በላይ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዚህ ምድር ውጪ በዱር የማይበቅሉ ናቸው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ከኢንገር ኖርዳል ጋር ሆነው የአገራችንን እሬቶች አንድ በአንድ የመዘገቡበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ያንን መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሐረርጌ ምን ያህል ሀብታም እንደሆነች ይረዳል። ከድሬዳዋ ቆላ ጀምሮ በሐረር ኮረብቶች አድርጎ እስከ ጅጅጋና እስከ ኦጋዴን ድረስ፣ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር የእሬቱም ዝርያ ይለወጣል። አንዱ ግንድ የለውም፤ ቅጠሉ ከመሬት ላይ እንደ ጽጌረዳ ተደራርቦ ይከፈታል። ሌላው የሰው ቁመት እስኪደርስ ግንድ ያወጣል። አንዱ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፤ ሌላው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። አበባው ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ መካከል አንዱን በተለይ አነሣለሁ። ደቡብ አፍሪካዊው ጊልበርት ሬይኖልድስ የአፍሪካን እሬቶች ሲያጠና ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ከሐረርጌ አንድ እሬት ለሳይንስ ዓለም አዲስ አድርጎ ገለጸ፤ ስሙንም አሎ ሐርላና አለው። ይህ እሬት በዱር የሚገኘው እዚሁ ሐረርጌ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ለአገሩ ብቻ የተሰጠ እንዲህ ያለ ተክል ያለው ከተማ ምንኛ ሊኮራበት ይገባል! ሐረር ግንቧና በሮቿ፣ መስጊዶቿና አድባሮቿ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበውላታል። ከግንቡ ውጪ ያለው ቅርሷ ግን መዝጋቢም ጠባቂም ያጣ ይመስለኛል።

አሁን በየቤቱ በማሰሮና በቆርቆሮ የሚተከለው፣ በሻምፑና በቅባት ጠርሙስ ላይ ሥዕሉ የሚታየው እሬት ቬራ ሌላ ዝርያ ነው፤ ትውልዱ ከዓረብ ምድር ነው። ያንን አትትከሉ አልልም። ጥሩ ተክል ነው፤ ልስልሱም ብዙ ነው። ነገር ግን ስለ እሬት ቬራ በመጽሔትና በሬዲዮ የምትሰሙት ሁሉ ለኮረብታችን እሬት ይሠራል ማለት አይደለም፤ የኮረብታችንም እሬት ታሪክ ለእርሱ አይሠራም።

ከእሬት ጋር ስለሚምታቱ ሁለት ተክሎችም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስሕተቱ ሰው ይጎዳልና። የመጀመሪያው ቃጫ ነው። ቃጫ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ገመድ የሚሠራበት። ቅጠሉ ከሩቅ ሲያዩት እሬት ይመስላል። ሰብራችሁ እዩት፦ ቃጫ ጠንካራ ክር አለው፣ ተጎትቶ አይበጠስም፤ እሬት ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ ውስጡም ዝልግልግ ነው። ቃጫ በዕድሜው አንድ ጊዜ ረዥም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል፤ እሬት በየዓመቱ ያብባል። የቃጫ ጭማቂ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ለቁስል ብሎ የለጠፈው ሰው ቁስል ይጨምራል። ሁለተኛው የቁልቋል ወገን ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ያወጣል፤ ይህ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። እሬት ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ነው፣ አየር ሲነካው ወደ ቡናማ ይጠቁራል። ነጭ ወተት ያያችሁበትን ተክል እሬት ነው ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ቢመጣ አትቀበሉት። ለልጆቻችሁም ይህን አንዱን ምልክት ከሁሉ አስቀድማችሁ አስተምሯቸው።

ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንግባ። የእሬት ቅጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፤ ይህን ሳይለዩ ስለ እሬት መድኃኒትነት መነጋገር አይቻልም። ከቅርፊቱ ሥር፣ ከቆዳው ጋር ተጠግተው፣ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በእነርሱ ውስጥ የሚፈሰው ያ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ አሎይን ይባላል። መሐሉ ላይ ያለው ደግሞ ቀለም የሌለው ዝልግልግ ልስልስ ነው፤ አብዛኛው ውኃ ነው፣ እምብዛም አይመርም። ቅባት የሚሠራው ከመሐሉ ነው። ሆድ የሚያስቀምጠው ከቆዳው ሥር ያለው ነው።

አሎይን በሆዳችን ውስጥ ሳይፈጭ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት አንጀትን የሚያስቆጣ ነገር ይሆናል፤ አንጀት ውኃውን ይለቃል፣ ይኮማተራል፣ ሰው ይቀመጣል። አያቶቻችን ይህን በልምድ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ነው ጠብታ የሚሰጡት። ችግሩ የጠብታው መጠን ነው። መጠኑ ሲያልፍ ሰውነት ውኃና ጨው ያጣል፤ ደጋግሞ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይወርዳል፤ ያ ደግሞ የልብ ምት እስከ ማዛባት ይደርሳል። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የእሬት ቢጫ ፈሳሽ ያለበት የሆድ ማስቀመጫ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2002 አግዷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ድርጅትም ቢጫው ያልተለየበትን የእሬት ቬራ ሙሉ ቅጠል ጭማቂ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩ ነገሮች ጋር መድቦታል። እነዚህን የምነግራችሁ እሬትን እንድትጠሉ ብዬ አይደለም፤ ለሆድ ብላችሁ እንዳትጠጡት ነው። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትቅመሰው። ሕፃን አይሰጠው። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይንካው።

እዚህ ላይ ጡት ስለ ማስጣል አንድ ቃል ልጨምር። ጡት ላይ የሚቀባው ያው ቢጫው ነው። ልጁ ምሬቱን ቀምሶ ከተወ ተወ፤ ካልተወ ግን የሚውጠው ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ትንሽ ልጅ በተቅማጥ ቶሎ ይደክማል። እናቶች፣ ልጅ ጡት የምታስጥሉበትን መንገድ በአቅራቢያችሁ ያለውን የጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ እሬቱን ለዚህ አትጠቀሙበት።

«አያቴ ጠጥተውት ዘጠና ዓመት ኖሩ» የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አያት የቀመሱት እሬትና የልጅ ልጅ የሚቀምሰው እሬት አንድ ዓይነት ኃይል እንዳላቸው በምን እናውቃለን? ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምስክር አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ ጅጅጋ የተወለዱ የዚህ የምሥራቁ ምድር ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነውና ከዚያ ትልቅ ሥራ ተወለደ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ያለውን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የአትክልተኛነት ሥራ ግን እምብዛም አይነሣም። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ጎን ለጎን አብቅለው አወዳደሩ። ሁሉም እንዶድ ነው፤ ሁሉም አንድ ዝርያ ነው። ኃይላቸው ግን እጅግ ይለያይ ነበር። ከእነርሱ መካከል ብርቱ ሆኖ የተገኘው፣ ምርቱም በሽታ መቋቋሙም የተሻለው «ዓይነት 44» ተብሎ ተመረጠ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። አንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ከ40 በላይ ዝርያዎች ባሉበት እሬት ላይ «ሦስት ጠብታ በቂ ነው» ማለት በጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው።

ስለ ራሱ ስለ አሎ ሐርላናም የተሠራ ሥራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ቢጫ ፈሳሹን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል፤ ከፈሳሹ የለዩዋቸው ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ ውስጥ በባክቴሪያና በሻጋታ ላይ ኃይል እንዳላቸው አይተዋል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ የሐረርጌ ኮረብታ ሊመረመር የሚገባው ነገር እንዳለው ያሳያል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያና በሰው ገላ ላይ ያለ ቁስል ግን የተራራቁ ናቸው፤ መሐሉን የሚሞላ ጥናት እስኪሠራ ድረስ ቤት ውስጥ እሬትን ለቀላል የቆዳ ነገር ብቻ እንጠቀምበት።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ከተክሉ በታች ያለውን፣ ያረጀውንና የወፈረውን ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ዕቃ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አቁሙት፤ ቢጫው ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ከዚያ እጠቡት፣ ሾሁን ከግራና ከቀኝ ግፈፉ፣ ቅርፊቱን ላጡ፣ የመሐሉን ልስልስ አንድ ጊዜ እንደገና እጠቡ። የፀሐይ ቃጠሎ፣ ከምጣድ የተገኘ ትንሽ ቃጠሎ፣ የደረቀና የሚያሳክክ ቆዳ፣ ለእነዚህ ይቀባል። ቃጠሎ ከሆነ አስቀድሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛ በኩል ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ የሚያቃጥለው ወይም የሚያሳብጠው ሰው አለና። ውኃ የቋጠረ ሰፊ ቃጠሎ፣ ጥልቅ ቁስል፣ መግል የያዘ ነገር ላይ እሬት አይደረግም፤ እርሱ የሐኪም ቤት ጉዳይ ነው። የቀረውን ልስልስ አታስቀምጡት፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይበላሻል። ተክሉ ግቢያችሁ ካለ ደግሞ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ተከላው እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ሐረር ውኃ የማጣትን ነገር ከማንም አትማርም። ለብዙ ዓመታት ውኃ ያጠጣን የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ከዚያም ከድሬዳዋ በኩል ውኃ እስኪመጣ ድረስ ከተማው ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። ሐይቁ በኋላ ውኃ መልሶ ቢይዝም፣ ያንን ዘመን ያየች እናት የመጠጥ ውኃዋን ለአበባ አታፈስም፤ ልክም ናት። እሬት የዚህች እናት ተክል ነው። ሌሎች ተክሎች በቀን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ከፍተው አየር ሲያስገቡ ውኃቸው በፀሐይ ይተንናል። እሬት ቀን ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውላል፤ የሚከፍታቸው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ሌሊት ያስገባውን አየር በአሲድ መልክ ቅጠሉ ውስጥ አኑሮ፣ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ምግብ ይሠራበታል። ስለዚህ በበጋ ወራት በሁለት በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ዕቃ የታጠበበት፣ ሳሙና የሌለበት ውኃ ቢያገኝ ይበቃዋል። እሬትን የሚገድለው ጥማት አይደለም፤ ብዙ ውኃ ነው። ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከላይ ምልክት ሲታይ ነገሩ አልቋል።

የጁገል ግቢ ጠባብ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው ነው። ይሁን እንጂ ለእሬት እንደ ጁገል ግቢ የሚመች ቦታ ብዙ የለም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀቷ መካከለኛ ነው፣ አመዳይ ብርቅ ነው። ከግንብ ሥር የተጠራቀመው የድንጋይ ፍርስራሽና የኖራ ብናኝ ሌላ አትክልት ይጠላው ይሆናል፤ ከድንጋይ መሐል የመጣው እሬት ግን ይስማማዋል። ፀሐይ ግማሽ ቀን የሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ ደረጃ አጠገብ፣ ውኃ የማይቆምበት ጥግ ምረጡለት። ሾህ አለውና ልጆች ከሚሯሯጡበት መተላለፊያ ራቅ ይበል። መሬት የሌለው ሰው ሥሩ የተበሳ የዘይት ጀሪካን ወይም የተሰበረ ማሰሮ ይበቃዋል፤ አፈሩ ግማሽ አሸዋ ወይም ጠጠር፣ ግማሽ ተራ አፈር ይሁን። ትኩስ ፍግ አትጨምሩበት። የሚያገኘው ምግብ ከበዛ ቅጠሉ ውኃ ብቻ ሆኖ ይልፈሰፈሳል።

ልጅ የሚያወጣ ዝርያ ከሆነ፣ ከእናቱ ሥር የበቀለው ልጅ ስንዝር ያህል ሲደርስና የራሱ ሥር ሲኖረው በስለት ለዩት። ወዲያው አትትከሉት። በጥላ ሥር አራት አምስት ቀን ይደር፤ የተቆረጠው ቦታ ቆዳ ያውጣ። ካልደረቀ በቁስሉ በኩል መበስበስ ይገባዋል። ከተተከለ በኋላም አንድ ሳምንት ውኃ አታጠጡት። ለእኛ አገር ጥሩው ጊዜ የካቲት መጨረሻ ነው፤ ቁስሉ በደረቁ ወር ይድናል፣ ሥሩን ሲዘረጋ የመጋቢት ዝናብ ይደርስለታል።

ብቸኛ ሆነው የሚያድጉ፣ ልጅ የማያወጡ እሬቶችም አሉ። ሰው ከኮረብታ ነቅሎ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለውም። መንገዱ ዘር ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ዘንጉ ላይ ሦስት ክፍል ያላቸው ትናንሽ ቆባዎች ይቀራሉ። አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሲለወጥና ጫፉ ሊሰነጠቅ ሲል ቁረጡት፤ ከተሰነጠቀ ነፋስ ይወስድባችኋል፣ ዘሩ ክንፍ አለውና። በወረቀት ጠቅልላችሁ አድርቁ። እርጥብ አሸዋ ላይ በትናችሁ በስሱ አልብሱት፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። ችግኙ መጀመሪያ የሣር ቅጠል ያህል ነው፤ ብዙ ሰው አረም መስሎት ይነቅለዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ከጠራራ ፀሐይ ጠብቁት። አበባ ለማየት ሦስት አራት ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል።

ዘር የፈለገ ሰው አንድ እሬት ብቻ ተክሎ አይጠብቅ። አብዛኛው እሬት የራሱን ጽጌ ብናኝ አይቀበልም፤ ዘር ለማፍራት ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ይፈልጋል። ከአንድ እናት ተለይተው የተተከሉ ልጆችም ለዚህ ነገር እንደ አንድ ተክል ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሁለት ጎረቤቶች ከተለያየ እናት የመጣ እሬት ቢኖራቸው አንዱ ለሌላው ዘር ያስይዝለታል። ብናኙን የሚያመላልሱት ንቦችና እነዚያ ረዥም ቀጭን ምንቃር ያላቸው፣ በፀሐይ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች ናቸው። ሌላው አበባ ሁሉ ደርቆ ሳለ እሬት ሲያብብ ወፎቹ ግቢያችሁን ማረፊያ ያደርጋሉ፤ ንብ ያላችሁም ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የተለያዩ የእሬት ዝርያዎች ጎን ለጎን ከተተከሉ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ከእሬት ቬራና ከአሎ ሐርላና መካከል የተገኘ ዘር ከሁለቱ የትኛውም አይደለም፤ ኃይሉንም ጠባዩንም ማንም አያውቀውም። የኮረብታችንን ዝርያ በንጽሕና ማቆየት የሚፈልግ ሰው ዘሩን በአቅራቢያው ሌላ ዓይነት እሬት ካላበበበት ቦታ ይውሰድ። ተክሉ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተተከለ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ጽፋችሁ አጠገቡ ሰኩ። ዝርያውን ለማወቅ አበባ ሲያወጣ አበባውን፣ ቅጠሉንና ሙሉ ተክሉን ፎቶ አንሡና የዕፅዋት ባለሙያ ጠይቁ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። ያለ አበባ የእሬትን ዝርያ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።

ስለ ኮረብታው ልናገርና ላብቃ። በሐረር ዙሪያ ያለው ተዳፋት ለጫት እየታረሰ፣ ለቤት መሠረት እየተቆፈረ፣ ለድንጋይ እየተፈለጠ ነው። ገበሬው ይኖር ዘንድ ያርሳል፤ እርሱን መውቀስ አልችልም። ግን እሬቱ ድንበርና ገደል ላይ ብቻ እየቀረ ነው። በዚያ ላይ እኛ ደግሞ ለመድኃኒትና ለጌጥ እየነቀልን ከወሰድን፣ ተራርቀው የቀሩት ተክሎች ብናኝ የሚለዋወጡበት ጎረቤት ያጣሉ፤ ያብባሉ፣ ዘር ግን አይሰጡም። ከእሬት ቬራ በስተቀር የዱር እሬት ሁሉ ሳይትስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ለባዕድ አገር ሰው ከኮረብታ ነቅሎ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል።

የውጭ ሰው የሐረርጌን የዱር አበባ መፈለጉም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው ሮበርት ፐርዲው ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ቬርኖንያ የምትባል ሐምራዊ አበባ ያላትን ተክል ዘር ሰበሰበ። የዘሯ ዘይት ለቀለምና ለፕላስቲክ ሥራ እጅግ ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ። አገራችን ከዚያ ዘይት ድርሻ የሚያስገኝ ውል ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር የተፈራረመችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ዘሩ ከወጣ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ። በዚያው ዓመት የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ። አዋጁ መልካም ነው። ነገር ግን የሚጠበቀውን ነገር ቀድሞ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ካልሆነ አዋጅ ብቻውን ኮረብታ ላይ ወጥቶ ዘብ አይቆምም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ እሬት ያላችሁ፣ የካቲት ሲመጣ አንድ ልጅ ለይታችሁ ለጎረቤታችሁ ስጡ። የሌላችሁ፣ ከኮረብታው የበሰለ ቆባ ሁለት ሦስት ብቻ ቁረጡ፤ የቀረውን ለኮረብታው ተዉለት፣ ተክሉን አትንቀሉ። መምህራን፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ መደብ የእሬት ችግኝ ይኑራችሁ፤ ልጆቹ ቢጫውን ፈሳሽ ከነጩ ወተት፣ ቅርፊቱን ከልስልሱ መለየት እዚያ ይማሩ። ታላላቆቻችን ደግሞ ስለ እሬት የምታውቁትን፣ መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ኮረብታ ላይ የትኛው ዓይነት እንደነበር፣ ለወጣቶቹ ንገሯቸውና ይጻፉት። የዘንድሮው ቆባ ከመሰንጠቁ በፊት ጀምሩ።